ሟች እንደ ተከሳሽ፤ የኤሜት ቲል ግድያና የጋዜጦች አድልዎ

ሰው በተገደለ ጊዜ በፍርድ ፊት ሊመረመር የሚገባው በመጀመሪያ የገዳዩ ሥራ ነው። ዳሩ ግን የዘር አድልዎ በሠፈነበት አገር ሕዝቡ አስቀድሞ «ሟቹ ማን ነበር? ሊታዘንለትስ ይገባልን?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህም ጥያቄ መልሱን በብዙው የሚያቀርቡለት ጋዜጦች ናቸው። ይህን ለማስረዳት በ1955 በአሜሪካ አገር የተፈጸመውን የኤሜት ቲልን ግድያ እንመለከታለን። ዓመታቱና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤሜት የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ሲሆን፥ ዘመዶቹን ለመጠየቅ ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ ሄዶ ነበር። በዚያም ለአንዲት ነጭ ባለሱቅ ክብር አልሰጠም ተባለ። በኦገስት 28 ሌሊት የሴቲቱ ባልና በእናት የሚገናኘው ወንድሙ ልጁን ከተኛበት አስነሥተው ወሰዱት። ከሦስት ቀን በኋላ ሬሳው በታላሃቺ ወንዝ ውስጥ ተገኘ።

በመጀመሪያ የሚሲሲፒ ጋዜጦች እንኳ ግድያውን አውግዘው ነበር። ነገር ግን ከሰሜን የመጣው ነቀፌታ በጠቅላላው ሚሲሲፒ ላይ ባረፈ ጊዜ የብዙዎቹ አስተያየት ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ የሚከራከሩት ለጠፋው ሕይወት መሆኑ ቀርቶ ለአገራቸው ስም ሆነ።

በሴፕቴምበር በሰምነር ከተማ ነገሩ ለችሎት ሲቀርብ፥ ጁሪ የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች 12 ነጭ ወንዶች ነበሩ። የተከሳሾቹ ጠበቆች ሬሳው የኤሜት መሆኑ አልተረጋገጠም ብለው ተከራከሩ። ፈራጆቹም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ለበለጠ ጊዜ ተማክረው ሁለቱን ሰዎች በነጻ ለቀቁ። በኦክቶበር ደግሞ የሚሲሲፒ ጋዜጦች የኤሜት አባት ወታደር ሳለ በ1945 በኢጣልያ ተፈርዶበት እንደ ተሰቀለ አወጡ። አባቱ ሲሞት ልጁ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይህ ወሬ ከተሰራጨ በኋላ፥ በኖቬምበር ወር፥ ሁለቱ ሰዎች በጠለፋ እንዲከሰሱ የቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆነ።

በአንጻሩ የልጁ እናት ሜሚ ቲል የሬሳው ሣጥን ሳይከደን ሕዝቡ እንዲያየው አደረጉ። «ጄት» የተባለው የጥቁሮች መጽሔትም ፎቶግራፉን አተመ። ሌሎች ጋዜጦች ስለ አባቱ ሲጽፉ፥ ይህ መጽሔት በልጁ ላይ የተደረገውን አሳየ።

በጃንዋሪ 1956 ገዳዮቹ ራሳቸው ከ«ሉክ» መጽሔት ገንዘብ ተቀብለው ልጁን መግደላቸውን ተናገሩ። በነጻ የተለቀቀ ሰው በዚያው ክስ ዳግመኛ ስለማይከሰስ ምንም አልደረሰባቸውም። በዘር ጥላቻ በደቦ መግደልን በመላው አሜሪካ ወንጀል ያደረገው፥ በኤሜት ስም የተሰየመው ሕግ የጸደቀው በ2022 ነው።

እንግዲህ አድልዎ ሁልጊዜ ሐሰት በመጻፍ ብቻ እንደማይሠራ እንረዳለን። የአባቱ መሰቀል እውነት ነበረ፤ ሆኖም ከልጁ መገደል ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። አድልዎው ያለው እውነቱን በመምረጥ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ተገደለ ሰው የተጻፈ ወሬ ስናነብ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህ ስለ ሟቹ የተነገረው ነገር ግድያውን ያስረዳናልን፥ ወይስ ሐዘናችንን ብቻ ይቀንስብናል?