የሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ በድህረ ምረቃ፦ የዘርፉ ዳሰሳ

በፌዴራልም ሆነ በክልል መሥሪያ ቤት ለቡድን መሪነት ወይም ለዳይሬክተርነት የሚወዳደር ሰው የግል ማኅደሩ ቢገለጥ የሁለተኛ ዲግሪ ማስረጃ ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ከእነዚህ ዲግሪዎች መካከል የሕዝብ አስተዳደር፣ የልማት ሥራ አመራርና የፖሊሲ ጥናት ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል። ተማሪዎቹ በአመዛኙ ሠራተኞች ናቸው፤ ቀን ቢሮ ውለው ማታ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድ ክፍል ይገባሉ። ትምህርቱ ከየት ተነሣ? ምን ያስተምራል? ለአገርስ ምን ይመልሳል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዳስሳል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ የዚህ ትምህርት ዋጋ መለካት ያለበት ባለጉዳይ በሚቆምበት የወረዳ መስኮት ላይ ነው።

የዘርፉ አነሣሥ

መንግሥት ባለበት ሁሉ አስተዳደር ነበረ። ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ መሆን የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በአሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መነሻ ውድሮው ዊልሰን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ አስተዳደር ጥናት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። የዊልሰን መከራከሪያ ሕገ መንግሥት ከማርቀቅ ይልቅ በሥራ ላይ ማዋሉ እየከበደ ስለመጣ፣ የመንግሥትን ሥራ እንደ ሙያ ማጥናት ይገባል የሚል ነበር። በአውሮፓ ጀርመናዊው ማክስ ቬበር የቢሮክራሲን ባሕርይ ተነተነ፤ በችሎታ የተቀጠረ፣ በጽሑፍ ሕግ የሚመራ፣ ሥልጣኑ ከሰውየው ሳይሆን ከቦታው የሚመነጭ ሠራተኛ የዘመናዊ መንግሥት ምሰሶ መሆኑን አሳየ።

በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የማክስዌል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1924 ሲከፈት በሕዝብ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ መስጠት ተጀመረ። ሃርቫርድ በ1936 ተከተለ። ኸርበርት ሳይመን በ1947 ባወጣው መጽሐፍ አስተዳዳሪ ሁሉን አውቆ እንደማይወስንና ባለው ውስን መረጃና ጊዜ በቂ የሚመስለውን እንደሚመርጥ አስረዳ፤ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሃሮልድ ላስዌል ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፖሊሲ ሳይንስ የሚባለውን አስተሳሰብ አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ሁለት መንገድ ይዟል። የሕዝብ አስተዳደር በድርጅት፣ በበጀትና በሰው ኃይል ላይ ያተኩራል። የፖሊሲ ጥናት ደግሞ ኢኮኖሚክስንና ስታቲስቲክስን ይዞ ከአማራጮች የትኛው እንደሚሻል ይመረምራል። በእኛ አገር ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተደባልቀው ይሰጣሉ።

የኢትዮጵያ ጉዞ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት መልክ መያዝ ጀመረ። ስለ መሥሪያ ቤቱ አሠራር ማሰብም ብዙ አልዘገየም። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ነጋድራስ በጉምሩክ ሥራ ያዩትን ከንግድ፣ ከቀረጥና ከአገር ሀብት ጋር አገናኝተው መርምረዋል። በዘርፉ የሚማር ኢትዮጵያዊ ከዊልሰንና ከቬበር ጎን ይህን መጽሐፍ ማንበብ ይገባዋል፤ ከመንግሥት ሥራ ውስጥ ሆኖ የመንግሥትን ሥራ የመረመረ የአገር ልጅ አሳብ ነውና።

ተቋማዊው ሥልጠና በ1940ዎቹ መጣ። በተባበሩት መንግሥታት የቴክኒክ ድጋፍ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ሥልጠና መስጠት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ቅጥር፣ ደረጃና ዕድገት ለመላው መንግሥት አንድ ሥርዓት እንዲኖራቸው ታሰበ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መባቻ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከከፈተ በኋላ፣ ውጭ አገር መሄድን ብቻ ይጠይቅ የነበረው ትምህርት ቀስ በቀስ እዚሁ መሰጠት ጀመረ።

ትልቁን ፍላጎት የፈጠረው ግን ፌዴራላዊው ሥርዓት ነው። አዳዲስ ክልሎች በጀት የሚያዘጋጅ፣ ሕግ የሚያረቅና ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ ፈለጉ። በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዋና ተግባሩ ይህን ክፍተት መሙላት ነበር፤ ከታዳጊ ክልሎች የሚመጡ ሠራተኞችም ልዩ ትኩረት ተሰጥቷቸዋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ጥቅል በጀት በቀጥታ ለወረዳዎች መመደብ ጀመረ። ከዚያ በፊት የዞንና የክልል ውሳኔ ይጠብቅ የነበረ የወረዳ ካቢኔ ገንዘቡን ለትምህርት፣ ለጤናና ለግብርና አከፋፍሎ የሚወስን ሆነ። የባለሙያ ጥማቱ ከዋና ከተማው ወጥቶ ወደ ወረዳ የወረደው ያኔ ነው።

በክፍል ውስጥ

አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት የኮርስ ነው፦ የአስተዳደር ንድፈ ሐሳብ፣ የመንግሥት ፋይናንስና በጀት፣ የሰው ሀብት ሥራ አመራር፣ የፖሊሲ ትንተና፣ ያልተማከለ አስተዳደር፣ ሥነ ምግባርና የምርምር ዘዴ። በሁለተኛው ዓመት ተማሪው አማካሪ ተመድቦለት ቴሲስ ይጽፋል፤ በፈታኞች ፊትም ዲፌንስ ያደርጋል። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍም ግድ ሆኗል።

በክፍል ውስጥ ከሚነሱት ሁሉ ለእኛ አገር የሚቀርበው የፖሊሲ አፈጻጸም ጥናት ነው። መነሻው ምሁራኑ ፕሬስማንና ዊልዳቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። በ1966 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ሦስት ሺህ ገደማ የሥራ ዕድል ለመፍጠር 23 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ ነበረ፣ ተቃዋሚ አልነበረም፤ ዓመታት አልፈው የተፈጠረው ሥራ ግን ከታሰበው ጋር የሚገናኝ አልሆነም። ሁለቱ ምሁራን ምክንያቱን ያገኙት በውሳኔዎች ሰንሰለት ውስጥ ነው። ፕሮጀክቱ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ስምምነት ይጠይቅ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቦታ የሚፈጠረው ትንሽ መጓተት ተደምሮ ሥራውን ዋጠው።

ይህን አሳብ ወደ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት እናምጣው። የስም ዝውውር የጠየቀ ሰው ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ወደ ቅየሳ፣ ከቅየሳ ወደ ቡድን መሪ፣ ከዚያም ወደ ኃላፊ ይሄዳል እንበል። አሥር ፊርማ ካስፈለገና እያንዳንዱ ፊርማ በቀጠሮው ቀን የመገኘት ዕድሉ 90 በመቶ ከሆነ፣ ጉዳዩ ያለ አንዳች መጓተት የማለቅ ዕድሉ 35 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከአሥር ቀን ዘጠኙን በሚገባ እየሠራ እንኳ ከሦስት ባለጉዳይ ሁለቱ «ነገ ተመለስ» ይባላሉ። ይህን የተረዳ ተመራቂ ችግር ባየ ቁጥር ሠራተኛውን ከመገሠጽ በፊት የፊርማውን ብዛት ይቆጥራል። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የቆመው በዚሁ አሳብ ላይ ነው፤ ባለጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ከሚዞር አገልግሎቶቹ በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ ይላል።

ጥሩ የአፈጻጸም ምሳሌም ከአገራችን ይገኛል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን ደመወዝ ከፍሎ መደበ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። አሳቡ ቀላል፣ የውሳኔ ሰንሰለቱ አጭር፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚታወቅ ነበር። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀር የሚጠና የኢትዮጵያ ፖሊሲ ሊሆን የበቃው በዚህ ነው።

የቴሲሱ ፈተና

የዘርፉ ደካማ ጎን ጎልቶ የሚታየው በቴሲስ ላይ ነው። «የመልካም አስተዳደር ተግዳሮቶች»፣ «የአገልግሎት አሰጣጥ ሁኔታ በእገሌ ክፍለ ከተማ» የሚሉ ርዕሶች ዓመት ዓመት ይደጋገማሉ። ዘዴውም አንድ ዓይነት ነው፦ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የተደረደረ መጠይቅ ለሠራተኞች ይበተናል፣ መልሱ በመቶኛ ይሰላል፣ በመጨረሻ «ሥልጠና ይሰጥ፣ ግንዛቤ ይፈጠር» የሚል ምክረ ሐሳብ ይጻፋል። ሠራተኛው ስለ ራሱ አገልግሎት ተጠይቆ የሰጠው መልስ ባለጉዳዩ ስንት ቀን እንደተመላለሰ አይነግረንም። ሃምሳ ፋይሎችን ከተከፈቱበት ቀን እስከተዘጉበት ቀን የተከታተለና የት እንደቆሙ የመዘገበ ጥናት ግን ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በማግስቱ ይጠቅመዋል።

ከዚህ የባሰው በየግድግዳውና በቴሌግራም «ቴሲስ እንሠራለን» የሚለው ማስታወቂያ ነው። በገንዘብ የተገዛ ጥናት ይዞ ኃላፊነት ላይ የሚቀመጥ ሰው የሕዝብ አገልጋይነትን ሥነ ምግባር ገና ከበሩ አፍርሶ ይገባል። ዲግሪ የደረጃ ዕድገት መሰላል ብቻ ሆኖ ሲታይ ይህ ንግድ ይደራል።

የውጭ አገር ዕድልና ከምረቃ በኋላ

ወደ ውጭ የሚያስኬዱ መንገዶችም አሉ። በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የታዳጊ አገሮችን ባለሙያዎች ሲያስተምር ኖሯል፤ ከነዚህ መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የደቡብ ኮሪያው ኬዲአይ ትምህርት ቤት የአገሩን የልማት ተሞክሮ ለውጭ መንግሥታት ሠራተኞች ያስተምራል። የብሪታንያው ቺቭኒንግ፣ የአሜሪካው ፉልብራይትና የጀርመኑ ዳድ የነፃ ትምህርት ዕድሎችም በየዓመቱ ይከፈታሉ። አመልካቹ ልብ ሊል የሚገባው የአገሩን ስም ብቻ ሳይሆን የኮርሱን ይዘት ነው፤ ጠንካራ ስታቲስቲክስና በጀት የሚያስተምር ፕሮግራም ከታዋቂ ስም ይልቅ ለመሥሪያ ቤቱ ይጠቅማል።

ተመራቂው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን፣ የክልል ዕቅድ ቢሮን፣ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትን የመሰሉ የምርምር ተቋማትን ወይም መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን ይቀላቀላል። ብዙዎች ግን ወደ ነበሩበት ወንበር ይመለሳሉ፤ የተማሩትን የሚጠይቃቸው የለም። ኃላፊው ጥናቱን አላነበበም፣ ዩኒቨርሲቲው ቅጂ አልላከም፣ ቴሲሱ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ከወረዳና ከክፍለ ከተማ አስተዳደሮች ጋር ተነጋግረው የጥናት ጥያቄው ከመሥሪያ ቤቱ እንዲመነጭ ያድርጉ። ተማሪው ከዲፌንሱ በኋላ የግኝቱን ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ጽፎ ጥናት ላካሄደበት ጽሕፈት ቤት ያስረክብ። መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛቸውን ለትምህርት ሲልኩ ምን አጥንቶ እንዲመለስ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሩት። ለዚህ ትምህርት ለመመዝገብ የምታስቡ አንባቢያንም ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት በመሥሪያ ቤታችሁ ባለጉዳይ የሚያማርርበትን አንድ ችግር ምረጡ፤ ሁለቱን ዓመት እሱን ለመፍታት ተማሩበት።