ወጡን የቱ ዕቃ ይያዘው?

በየቤቱ ጓዳ አንድ ምስክር አይጠፋም። ግርጌው ነጭ ሆኖ አፉ አካባቢ ዙሪያውን ብርቱካንማ ቀለበት ያሰረ ፕላስቲክ ዕቃ ነው። በሳሙና ታሽቷል፤ በሎሚ ተፈትጓል፤ ፀሐይ ላይ ውሏል። ቀለበቱ ግን አልለቀቀም። አንድ ቀን ቀይ ወጥ ከነቅቤው በዚያ ዕቃ ውስጥ መሞቁን፣ ቅቤውም እስከየት ድረስ ተንሳፍፎ እንደነበር ይመሰክራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በርበሬን ያቀላው ቀለም የሚሟሟው በውኃ ሳይሆን በቅባት ነው፤ የእርድም ቢጫ እንደዚያው። ፕላስቲክ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የተገኘ የቅባት ዘመድ ነው። ሲሞቅ ሰውነቱ ይላላል፤ ቀለም ያዘለው ቅቤም ሰርጎ ይገባል። ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋና ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ልውውጡ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ሙቀትና ቅባት በተገናኙበት ከፕላስቲኩም ወደ ምግቡ የሚሻገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕፃናት ምግብ የሚሸጥባቸውን ፕላስቲክ ዕቃዎች ፈትሸው፣ ብናኝ ፕላስቲክ ከምንም በላይ የሚለቀቀው በማይክሮዌቭ ሲሞቁ መሆኑን አሳይተዋል።

ስለዚህ ወጥ የሚቀመጥበትን ዕቃ ስንመርጥ “ፍሪዘር ይችላል ወይ?” ማለት ብቻ አይበቃም። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት “በምን ላሞቀው ነው?” የሚለው ነው።

የቀድሞው ሰው ለመንገድ አገልግል ነበረው፤ በሣር ተሰፍቶ በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር። ከአገልግል የሚጠበቀው ስንቁን ሳያፈስ መንገደኛውን ማድረስ ነበር። የዛሬው ዕቃ ግን ሁለት ተቃራኒ ፈተና አለበት። እሑድ ዕለት አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት አብስላ ለሳምንቱ የምትከፋፍል ሠራተኛ እናት፣ ወይም እንጀራውን ሳይቀር ፍሪዘር የሚከት በውጭ አገር የሚኖር ወንደላጤ፣ ዕቃውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አስተኝተው በማግስቱ እሳት ያሳዩታል።

ብርዱ የሚያደርገው

ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ወጥም አብዛኛው ውኃ ነውና አብሮ ይሰፋል። ይህን በጽሑፍ አውቀው ነበር፤ ያመንኩት ግን በአንድ የፋሲካ ማግስት ነው። የዶሮ መረቅ ተርፎኝ ባዶ የቡና ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሞላሁት፣ ክዳኑን አጠበቅኩና ፍሪዘር ከተትኩት። ጠዋት ሳወጣው አንገቱና ትከሻው ከሚገናኙበት ላይ ዙሪያውን እንደ ቢላ ተቆርጦ አገኘሁት። መረቁ በረዶ ሆኖ ቆሟል፤ መስታወቱ ግን ለሁለት ተከፍሏል። የመስታወት ስባሪ የነካው ምግብ አይበላምና ሁሉንም ጣልኩት።

ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን የቅርጹና የእኔ ነበር። ምግቡ ሲሰፋ ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ትከሻ ያለው ጠርሙስ ይዘጋበታል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ወይም አፉ ከግርጌው ሰፋ ያለ ዕቃ ግን በረዶው እንዲንሸራተት ይፈቅዳል። ለመረቅና ለቀጭን ወጥ ሁለት ጣት ያህል ከላይ ማጉደል ያስፈልጋል። ሲወጣም በረዶው ከዕቃው ተላቆ እንደ ጡብ ይወድቃል።

ጥልቀትም ጉዳይ ነው። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ትልቅ ድስት ወጥ ግን በሁለት ሰዓት መሀሉ ድረስ አይቀዘቅዝም። ዝርግና ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከተከፋፈለ ቶሎ ይበርዳል፤ ሲወጣም ቶሎ ይቀልጣል። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ በአንድ ዕቃ ማድረግ ይመከራል። ቀልጦ የተረፈውን መልሶ በረዶ ማድረግ ጣዕሙንም ደኅንነቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ከሥሩ ያለው ቁጥር

ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣችሁ እዩት። በሦስት ቀስቶች የተሠራ ትሪያንግል፣ መሀሉ ላይ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር የወጣ ሲሆን ዓላማው ፕላስቲኩ መልሶ ሲሠራ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ነበር። ይሞቅበታል፣ አይሞቅበትም የሚል ፈቃድ አይደለም፤ ጠባዩን ለሚያውቅ ግን ፍንጭ ይሰጣል።

1 ቁጥር የ“ሃይላንዱ” ፕላስቲክ ነው። ትኩስ ሻይ ሲቀዳበት ሲኮማተር ያላየ የለም፤ ለሙቀት አልተፈጠረም። 2 ቁጥር የጀሪካኑ፣ 4 ቁጥር የለስላሳው ከረጢት ነው፤ ሁለቱም ብርድ ይችላሉ፣ ማሞቂያ ግን አይደሉም። 6 ቁጥር ከምግብ ቤት ምግብ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ነጭ አረፋ መሳይ ዕቃ ይጨምራል፤ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳልና ቅቤ ያለበት ወጥ ሊሞቅበት አይገባም። በ7 ቁጥር ሥር የሚገባው ፖሊካርቦኔት የሚሠራው ቢፒኤ ከተባለው ኬሚካል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ኬሚካል ከምግብ መያዣዎች እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ አውሏል።

ለምግብ ማስቀመጫነት ብዙ ጊዜ የሚሠራው 5 ቁጥር፣ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የሚቀልጠው ወደ 160 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሙቀትን ከብዙዎቹ የተሻለ ይችላል። ግን ላይ የተንሳፈፈው ቅቤ እንደ ውኃው በ100 ዲግሪ አይቆምም፤ ከዚያ አልፎ ይግላል። ብርቱካንማው ቀለበት የሚሳለውም እዚያ ጋ ነው። በብርድ ደግሞ ይሰባበራል፤ ከፍሪዘር እንደወጣ ከእጅ ካመለጠ ጥጉ ይሰነጠቃል።

ከቁጥሩ ይልቅ ምልክቶቹን ፈልጉ። የበረዶ ቅንጣት ሥዕል ፍሪዘር እንደሚችል፣ የሞገድ መስመሮች ማይክሮዌቭ እንደሚችል፣ የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ደግሞ ለምግብ የተሠራ መሆኑን ይናገራሉ። የማርጋሪንና የእርጎ ባዶ ዕቃ ለብርድ ያገለግላል፤ ለማሞቅ ግን አልታሰበም።

መስታወትና ብረት

እ.ኤ.አ. በ1913 ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ የመስታወት ፋብሪካ የሚሠራ ጄሲ ሊትልተን የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ ከባትሪ ማሰሮ የተቆረጠ መስታወት ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ቤሲ ኬክ ጋገረችበት፤ አልተሰነጠቀም። ፋብሪካው ከሁለት ዓመት በኋላ ፓይሬክስን ለገበያ አቀረበ። ምስጢሩ ቦሮሲሊኬት የሚባለው መስታወት ሲሞቅ የሚሰፋው የተራውን መስታወት ሲሶ ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

ዛሬ ግን ኦቨን ይችላል ተብሎ የሚሸጠው መስታወት ሁሉ ቦሮሲሊኬት አይደለም፤ በሙቀት የተጠናከረ ተራ መስታወትም ብዙ ነው። እሱ ቢወድቅ ጠንካራ ነው፤ ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ ቢገባ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መስታወት ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ይውረድና ጠዋት ይሙቅ። ቀለም አይጠጣም፤ ሽታ አይዝም። ክዳኑ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነውና ሲሞቅ ይነሣ፤ ምግቡ እንዳይፈናጠር ሳህን ይከደንበት።

የማይዝግ ብረት ብርዱን ይችላል፣ ሽታ አይቀበልም፣ ምድጃ ላይም ይወጣል። ማይክሮዌቭ ግን አይገባም። አልሙኒየም ቲማቲም፣ ሎሚና ጨው የበዛበት ምግብ ሲቆይበት ይበላል፤ ለደረቅ ጥብስ እንጂ ለስልስ አይሆንም። የሚያምረው የሜላሚን ሳህን ለማቅረቢያ ይሁን፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይግባ። ሲሊኮን ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል፤ ከሥር ሲጫኑት በረዶ የሆነውን ቁሌት እንደ ሳሙና ይተፋዋል። የቅመም ሽታ ግን ይይዛል።

የጾሙና የፍስኩ

በጾመኛ ቤት ፕላስቲክ ሌላም ጣጣ አለው። ቅቤ የጠጣ ዕቃ ምንም ቢታጠብ ሽታው ስለማይለቅ ለጾም ምግብ አይሆንም። መፍትሔው በክዳን ቀለም መለየት ነው፤ ለምሳሌ አረንጓዴው የጾም፣ ቀዩ የፍስክ። በረዶ ከሆኑ በኋላ ምስር ወጥና ምንቸት አብሽ ፊታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቀይ በረዶ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ምስር ነው ብላችሁ ያወጣችሁት ሲቀልጥ ሥጋ ሆኖ እንዳይገኝ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት።

ዶሮ ወጥ ሲቀመጥ እንቁላሉ ይውጣ። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ በረዶ ከሆነ በኋላ እንደ ጎማ ይሆናል፤ ሳይሰነጠቅ ማይክሮዌቭ ከገባም ሊፈነዳ ይችላል። የአልጫው ድንችም ውኃ ያቅራልና ሲሞቅ አዲስ ቢጨመር ይሻላል። ማንኛውም ወጥ ሲሞቅ መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ለሌለው ምልክቱ እየተማሰለ መሀሉ ድረስ እስኪንተከተክ መጠበቅ ነው።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት ደግሞ አራት ማዕዘን ዕቃ ከክቡ ይመረጣል፤ ክፍተት ሳይተው ይደረደራል። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ባዶውን ቦታ ጎደል አድርጋችሁ ውኃ በሞላችሁት ሃይላንድ ሙሉት።

ለመግዛት ስትወጡ ስድስት ዓይነት ቅርጽ ያለውን ስብስብ ትታችሁ አንድ ዓይነት ስድስት ዕቃ ግዙ፤ አንዱ ክዳን ቢጠፋ የሌላው ይገጥማል። ሁለቱንም ፈተና የሚያልፍ ውድ ዕቃ ፍለጋ መንከራተትም የግድ አይደለም። ወጡን በርካሹ ፕላስቲክ በረዶ አድርጉት፤ ሲፈለግ ጡቡን አላቅቃችሁ ድስት ወይም የመስታወት ዕቃ ውስጥ አሙቁት። ባለ ቀለበቱን ዕቃም አትጣሉት። ምስር ክክ ወይም የሽሮ ዱቄት ይያዝ፤ ትኩስ ወጥ ግን ዳግም አይግባበት።