የታለበ ጡት አይደርቅም

ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ በመስኮቱ በኩል የሕፃን ለቅሶ ተሰማኝ። እናቱ አዝላው በመንገድ የምታልፍ መሰለኝ። የእኔ ልጅ አልነበረም፤ የእኔው ከአያቱ ጋር ቤት ነው። ጡቴ ግን የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀም። ሁለቱም ጎን ነዘረኝ፣ ሸሚዜ ረጠበ፣ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ስቤ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከሁለት ቀን በኋላ በምሳ ሰዓት ጓዳ ውስጥ ቆሜ ለማለብ ስታገል ደግሞ የወጣው አንድ ሲኒ አልሞላም። ወተቴ ደረቀ ብዬ አለቀስኩ።

አልደረቀም ነበር። ባልፈለግሁት ሰዓት ያፈሰሰውም፣ በፈለግሁት ሰዓት የከለከለኝም አንድ ነገር ነው። ወተትን የሚሠራውና ወተትን የሚያወርደው ሆርሞን የተለያዩ ናቸው። ፕሮላክቲን ወተቱን ያሠራል። ኦክሲቶሲን ደግሞ በጡት ውስጥ ወተት የሚጠራቀምባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች የከበቡትን ጡንቻዎች ያኮማትራል፤ ወተቱ ወደ ጡቱ ጫፍ የሚወርደው ያኔ ነው። ኦክሲቶሲን የሚለቀቀው ከአንጎል ስለሆነ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ጠረን፣ ሐሳብ ብቻ እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ጭንቀትና ሕመም ደግሞ ያግደዋል። በሩን አሁን ማን ይከፍተው ይሆን እያለች የምታልብ ሴት ጡቷ ሙሉ ሆኖ ጠብ የማይልላት ለዚህ ነው።

አዲስ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ከሁሉ በፊት ልታውቀው የሚገባት ግን ሌላ ነው። ጡት እንደ ውኃ ታንከር አይደለም፤ ቆጥበው ለማታ የሚያስቀምጡበት ዕቃ አይደለም። ወተቱ ራሱ የራሱን መጠን ይቆጣጠራል። ጡት ሞልቶ ሲያጋት የወተት ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ሲራቆት ይፋጠናል። ይህም በእያንዳንዱ ጡት ለየብቻ የሚካሄድ ስለሆነ፣ ልጁ የሚወደው ጎን አብዝቶ ሲያመርት ሌላው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ለማታ እንዲበቃው ልተወው ብላ ቀኑን ሙሉ ሳታልብ የምትውል እናት፣ ሳታውቀው ሰውነቷን የልጁ ፍላጎት ቀንሷል እያለችው ነው። ቀናት ሲደጋገሙ ሰውነቷ ያምናታል።

የአራስ ቤትን ወግ በዚህ ዓይን ሳየው ይገርመኛል። እንኳን ማርያም ማረችሽ እያለ የሚገባው ጠያቂ፣ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ሁሉም ወተት እንዲወርድላት ነው ይባላል። ምግቡና ፈሳሹ ለእናት ብርታት ያስፈልጋሉ። እኔ ግን ትልቁን ሥራ የሠራው ሌላው ወግ ይመስለኛል፤ አራሷን ማንም አያዛትም፣ ሕፃኑም ሌሊትና ቀን ከጡቷ አይለይም። የወተቱ መሠረት የሚጣለው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ሥራ ስንጀምር አጥሚቱን አስከትለን ዕረፍቱንና አዘውትሮ ማጥባቱን እንተዋለን።

ታዲያ ምን ያህል ወተት ይበቃል? ከ1 እስከ 6 ወር ያለ፣ የእናት ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በአማካይ በ24 ሰዓት ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይጠባል። ልጁ ቢከብድም መጠኑ እምብዛም አይጨምርም፤ የዕድገቱ ፍጥነት እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። በሰዓት ሲካፈል 30 ሚሊ ሊትር ግድም ይሆናል። መንገዱን ጨምሮ 10 ሰዓት ከቤት የምትርቅ እናት 300 ሚሊ ሊትር ያህል ትታ መሄድ አለባት፤ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ እኩሌታ ትንሽ የሚያልፍ ማለት ነው። ፍሪዘር ሙሉ ወተት ማከማቸት አያስፈልግም። ዛሬ ቢሮ የታለበው ለነገ ይሆናል። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አጥቢ፤ ከዚያ 4 ሰዓት ላይ፣ በምሳ ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ እለቢ፤ ቤት ስትገቢ ወዲያው አጥቢ። ልምምዱን ግን ሥራ ከመጀመርሽ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ጀምሪው።

ማለቢያ መሣሪያ ከሌለሽ እጅሽ ይበቃል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጡትሽን ቀስ አድርገሽ እሺው። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች፣ ከጡቱ ጫፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አገናኝተሽ ጨምቂ፣ ልቀቂ። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ አያወርድም። ጡትሽ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሐኪም ካልከለከለሽም ማጥባቱን አታቋርጪ።

የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን፣ በፍሪዘር 6 ወር ይቆያል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ያስኬዳል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያለች እናት ግን ክፍሏ ከ25 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን 4 ሰዓቱን አትመነው፤ በረዶ የተጨመረበት ፐርሙስ ወይም የበረዶ ሣጥን ያስፈልጋታል። ተቀምጦ የዋለ ወተት ስቡ ከላይ ሲንሳፈፍ ተበላሸ ብለው የሚደፉት ብዙ ናቸው፤ ቀስ ብሎ ቢነቀነቅ ይዋሐዳል። ከፍሪጅ የወጣው ሳሙና ሳሙና ቢሸትም ስብ የሚፈጨው ኢንዛይም ሥራ ነው። ወተቱን እሳት ላይ አትጣጂው፤ ዕቃውን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ መንከር ይበቃል። ልጁ ጀምሮ የተወውን ከሁለት ሰዓት በላይ አታስቀምጪው።

ሞግዚቷን ወይም እናትሽን ከጡጦ ይልቅ ትንሽ ኩባያ አስለምጃቸው፤ ኩባያ ለማጠብ ይቀላል፣ የጡጦ ጫፍ ውስጥ ግን ቆሻሻ ይደበቃል። እናትሽ በሙቀቱ ውኃ ጠብ ላድርግለት ስትልም በአክብሮት፣ ግን ቁርጥ አድርገሽ መልሺላት። የእናት ወተት 87 በመቶው ውኃ ነው፤ እስከ 6 ወር ሌላ አይጨመርበትም።

ልጁ ቀን ትንሽ ብቻ ቀምሶ ሌሊቱን ሙሉ ሊጠባ ይችላል። ቀን ያጣሽን በሌሊት እየመለሰ ነው እንጂ አልተሞላቀቀም። ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ስለሚል ለወተቱም ይጠቅማል። በሌሊቱ ወተት ውስጥም እንቅልፍን የሚያግዝ ሜላቶኒን አለ፤ ጨቅላ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱ በበቂ አያመርተውም። ያንቺ እንቅልፍ ግን ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ማቀፉን፣ ማስገሳቱን፣ ጨርቅ መቀየሩን አባት ይችለዋል።

የሚቆጨኝ አንድ ስሌት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። ቀሪውን ሦስት ወር የምትሸፍነው እናቲቱ በምሳ ሰዓቷ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ ማቆያ ላላት እናት ግማሹ ጭንቀት ቀለለ ማለት ነው። ለሌለን ግን የሚያስፈልገን ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ከውስጥ የሚቆለፍ በር ነው።

እኔ ያገኘሁት ከአንዲት ባልደረባዬ ነው። ሦስት ልጅ ያሳደገች ናት። ጓዳ ውስጥ ቆሜ ሳለቅስ አግኝታኝ ምንም ሳትጠይቀኝ የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችልኝ። በማግስቱ የልጄን ያልታጠበ ካናቴራ ይዤ ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አሸተትኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወረደ።