ምድርን የሚያንቀሳቅሳት ኃይል

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር ደጋግማ በተናወጠች ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ትተው መሰደዳቸው የታወቀ ነው። ልጅ አባቱን «ምድርን የሚያናውጣት ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የቤተ ሰብ አለቃ የሚመልሰው ያገኝ ዘንድ ነገሩን ባጭሩ እንጽፋለን።

የምድር የላይኛው ክፍል በታላላቅ የድንጋይ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ከበታቹ ያለው ዓለት ቀልጦ እንደ ውሃ የሚፈስ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጠጣር ሆኖ ሳለ ከግለቱ የተነሣ በረዥም ዘመን እንደ ሰም እየለዘበ ይሄዳል። የጋለው ይወጣል፥ የበረደው ይወርዳል።

ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 አህጉሮች ከቦታቸው እንደሚሄዱ ቢናገር፥ የሚያንቀሳቅሳቸውን ኃይል በሚገባ ስላላስረዳ ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እርሱም በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ፤ አሳቡ የጸናው ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ሊቃውንቱ ዋናው ኃይል መግፋት ሳይሆን መጎተት ነው ይላሉ። ከባሕር በታች ያለው ሰሌዳ ሲያረጅ ይበርዳል፤ ሲበርድም ይከብዳል፤ በከበደም ጊዜ ጠርዙ ወደ ጥልቁ እየሰጠመ የቀረውን ይስበዋል። በአልጋ ላይ የተጣለ ጋቢ እኩሌታው በጎን ቢንጠለጠል፥ የተንጠለጠለው በክብደቱ ሌላውን ጎትቶ ያወርደዋል፤ ይህንስ እመቤቶች እኛ ሳንነግራቸውም ያውቁታል። ስለዚህ በብዙ ወገን የሚሰጥመው የፓሲፊክ ሰሌዳ በአንዳንድ ስፍራ በዓመት ወደ 10 ሳንቲሜትር ሲጠጋ፥ አፍሪካ ጎታቹ ጥቂት ስለ ሆነ ዝግ ብላ ትሄዳለች።

በአገራችን ግን ሌላም ምክንያት አለ። ከታች የሚወጣው ግለት ደጋውን ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ ከፍ ያለውም ምድር በገዛ ክብደቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሊረግብ ስለሚሻ ስምጥ ሸለቆው ይከፈታል። መጠኑ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊሜትር፥ ማለት የአንድ ገብስ ቅንጣት ያህል ነው። ወደ አፋር ግን ይበልጣል። ይህ እንደ ኢምንት ለሚታየው ሰው፥ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ የሆነውን እናስታውሰዋለን፤ የብዙ መቶ ዓመት ውጥረት ተጠራቅሞ ኖሮ፥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ፤ ክፍተቱንም የቀለጠ ድንጋይ ከውስጥ ሞላው።

ምድር የምትናወጥበትን ቀን አስቀድሞ የሚናገር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ በሸለቆው አጠገብ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ድንጋይ በጭቃ ብቻ ከመካብ ይልቅ ግድግዳውን በእንጨት ወይም በብረት ማያያዣ ቢያጠብቅ ይሻለዋል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል በተናወጠ ጊዜ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለችና።