«ሻፍት በአፍሪካ»፦ የግል መርማሪው በሀገራችን ምድር

በእኛ አቆጣጠር በስድሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ ይኸውም በሰኔ 1965 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ለሕዝብ የታየውና ዛሬ ስሙን የሚያነሣለት ሰው እጅግ ያነሰው «ሻፍት በአፍሪካ» የተሰኘ ፊልም፣ ከፊሉ በኢትዮጵያ ምድር የተነሣ ከመሆኑም በላይ የያዘው ርእሰ ነገር ለሐረር ሰው ባዕድ ስላልሆነ፣ ከአንባቢ ጋር ሊተዋወቅ የሚገባው ነው።

የግል መርማሪ ማለት የመንግሥት ደመወዝ የማይቀበል፣ ባለጉዳይ በገንዘቡ የሚቀጥረው፣ ፖሊስ ያልደረሰበትን ወይም ሊደርስበት ያልወደደውን ምሥጢር የሚመረምር ሰው ነው። በሪቻርድ ራውንድትሪ የተተወነው ጆን ሻፍት የዚህ ወገን ሲሆን፣ ጎርደን ፓርክስ በ1963 ዓ.ም. ባሳየው የመጀመሪያው ፊልም የኒው ዮርክ ጥቁር መርማሪ ሆኖ ዝናን አተረፈ። በሦስተኛው ፊልም ግን እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ጆን ጊለርሚን ከለመደው ጎዳና አውጥቶ፣ ረሚላ የሚባል አሚር ወደሚገዛው አገር ይልከዋል፤ ተልእኮውም አፍሪካውያን ጎልማሶችን በሥራ ስም አታልሎ ወደ ፓሪስ የሚያሻግርና በዚያ እንደ ባሪያ የሚያሠራ አማፊ የተባለ ነጋዴ ያዋቀረውን ማኅበር፣ ራሱን የቀን ሠራተኛ አስመስሎ ሰርጎ ገብቶ ማፍረስ ነው። ካሜራ የተሸሸገበት ዱላ ይሰጠዋል፤ ቋንቋና ልማድ ደግሞ የአሚሩ ልጅ ዓለሜ ታስተምረዋለች። የሀገራችን የመድረክ ሰው ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ከእነርሱ ጋር ተሰልፏል።

እንደ ምርመራ ታሪክ ከታየ ፊልሙ ደካማ ነው፤ ወንጀለኛው ከጥንቱ የታወቀ ስለሆነ ተመልካቹ የሚፈታው እንቆቅልሽ የለም፤ ግዛቱም የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ ሳይለይ ልማዱ ሁሉ ተቀላቅሎ ቀርቧል። አሚር የሚለው ማዕረግ የእውነት መንበር የነበረው በሐረር ነውና፣ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል እስከሆኑበት ቀን ድረስ የዘለቀውን ሥርዓት የሚያውቅ የጁገል ሰው፣ በረሚላ ቤተ መንግሥት ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ዳሩ ግን ያን ጊዜ እንደ ጸሐፊ ቅዠት ሊታይ ይችል የነበረው ነገር፣ ማለት የሰው ልጅ ንግድ፣ በእኔ አስተያየት የፊልሙ እውነተኛ ክፍል እርሱ ነው። ከሐረር ወደ ዘይላና በርበራ የሚወርደው ሲራራ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ባሪያም ይጭን ነበር፤ ባርነትን በሕግ የሻረው የነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ ፊልሙ እስከታየበት ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ከፊልሙ በኋላ ደግሞ ከሐረርጌና ከሌሎች ክፍለ ሀገሮች የተነሡ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሰው፣ በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው በየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲጓዙ ኖረዋል፤ በ2006 ዓ.ም. ከዚያ ተባርረው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ150 ሺህ በላይ ነበሩ።

ፊልሙ እንደ ቀደሙት ሁለቱ ገበያ አልቀናውም፤ ከእርሱ ይልቅ በሕይወት የቆየው የጆኒ ፔት ሙዚቃ ነው፤ ጄይ ዚ የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተውሶታል። የፊልሙ ታሪክ ግን የጎደለው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በየቀበሌው የሚታወቀው ደላላ ነው። ደራሲው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ጥፋቱን ሁሉ በፓሪሱ አለቃ ላይ ጭኖ፣ አንዲት እናት ቤት ገብቶ ቡና የሚጠጣውንና ልጇን የሚያማልለውን የሰፈር ሰው በዝምታ አልፎታል፤ ይህን ሰው ለመያዝ የሚነሣ መርማሪ ቋንቋ አስተማሪ ሳይሆን የሚያስፈልገው፣ ጎረቤት ላይ ለመመስከር የማትፈራ አንዲት እናት ናት።