የማሲንቆው መጋዝ፣ የጭላዳው ፍጥነት

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ዳባት ወይም ደባርቅ ውስጥ ግን አንድ አዝማሪ ጠጅ ቤት ገብቶ ደጋኑን መሳብ ሲጀምር፣ ድምፁ የሰዉን ወሬና የብርሌውን ኳኳታ ሰንጥቆ ደጅ ድረስ ይሰማል። ማይክሮፎን የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ ሳጥኗም ትንሽ ናት። ይህ ጉልበት ከየት መጣ? ሳይኬደሊክ ትራንስ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሕንድ ጎዋ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰውን የጭፈራ ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች በሲንተሳይዘር ሌት ተቀን የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ ከበሮውንና ቤዙን ጥሶ የሚወጣ፣ ቁጡ፣ ዜማውን የሚመራ ድምፅ። እነሱ ሊድ ይሉታል።

ከማሲንቆው እንጀምር። የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ እንዳያንሸራትት ሙጫ ይታሻል። ደጋኑ ሲሳብ የማሲንቆውን ጭራ ይዞት ይሄዳል፤ ጭራው እየተወጠረ፣ እየተወጠረ ሄዶ ሙጫው መያዝ ሲያቅተው በድንገት ያመልጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይያዛል። ይህ በሴኮንድ 200 ጊዜ ከተደጋገመ 200 ሄርዝ ድምፅ ሰማን ማለት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ መያዝና ማምለጥ በቫዮሊን ክር ላይ በማይክሮስኮፕ አጥንቶታል። የማሲንቆውን ክር ከሳጥኗ ቆዳ ከፍ አድርጎ በያዘው ትንሽ እንጨት ላይ የሚያርፈው ግፊት በግራፍ ሲሣል የመጋዝ ጥርስ ነው የሚመስለው፦ በዝግታ ይወጣል፣ በአንዴ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ሞገድ ብቻውን አይመጣም። ከ200 ሄርዙ ጋር 400፣ 600፣ 800 እያለ የሚቀጥል የድምፅ ሰልፍ ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ሲሶውን ያህል ጉልበት አለው። ሰልፉ 3,000 ሄርዝ አካባቢ ሲደርስ ደካማ ቢሆንም አልጠፋም። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚነቃው እዚያው ነው። የጆሯችን ቦይ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነና በአንድ በኩል በታምቡሩ ስለተዘጋ፣ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ ያሉትን ድምፆች በራሱ ያጎላቸዋል። አዝማሪው ጫጫታውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ስለጮኸ አይደለም፤ ጉልበቱ ጆሮ በሚነቃበት ቦታ ስላረፈ ነው።

የትራንስ ሠሪውም ሥራ የሚጀምረው ከመጋዝ ጥርሱ ሞገድ ነው። ሁለት ኦሲሌተር፣ ማለትም ሞገድ አመንጪ፣ ይከፍታል፤ አንዱን በጥቂቱ ከሌላው ያዛንፋል። ከዚያ ድምፁን የሚያጣራው ፊልተር ይመጣል። ሮበርት ሙግ የሠራው ዝነኛው ፊልተር ከተቆረጠበት ነጥብ በላይ ያለውን በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል እየቀነሰ ይጥላል፤ መቁረጫው ጠርዝ ላይ ያለውን ደግሞ ሬዞናንስ በሚባለው ቁልፍ ማጉላት ይቻላል። ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቲቢ-303 የተባለ ትንሽ ሣጥን ቤዝ ጊታርን እንዲተካ ታስቦ ነበር የተሠራው፤ ለዚያ ሥራ አልሆነም፤ ገበያም አልቀናውም። ፊልተሩን እያንቀሳቀሱ የሚያስጮኹት ወጣቶች እጅ ሲገባ ግን የዛሬው ሊድ አያት ሆነ። ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ማንሸራተት የሚያስችል ቁልፍም ነበረው። ይህ ለማሲንቆ አዲስ ነገር አይደለም፦ ክሩ ከአንገቱ እንጨት ጋር ስለማይጣበቅ ጣት ከጎን እየነካው እንደልብ ይንሸራተታል።

ቁጣው ግን ገና አልመጣም። እሱን ለማግኘት ከደባርቅ ወደ ተራራው እንውጣ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው፤ ከዚያ ወደ ሳንቃበር ሲኬድ ጭላዳዎች በመንጋ ሣር ሲነጩ ይታያሉ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ቶር በርግማን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ወንዱ ጭላዳ ወደ ሴቶቹ ሲቀርብ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየገጠመ የሚያወጣውን ድምፅ ለካ። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ሆኖ ተገኘ፤ የሰው ንግግር ክፍለ ቃላት ከሚፈራረቁበት ፍጥነት ብዙም አይርቅም። አሁን ትራንሱን እናስላ፦ በደቂቃ 145 ምት፣ እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲከፈል በሴኮንድ 9.7 ኖታ ይሆናል። ጭላዳው ትንሽ ዘገም ይላል እንጂ ሰፈሩ አንድ ነው።

የሚገርመው፣ የጭላዳው ድምፅ የቁጣ አይደለም፤ የማባበል ነው። በዚህ ፍጥነት ጆሮ እያንዳንዱን ምት ለይቶ ሊከተል ይችላል፤ ስለዚህም አያስፈራውም። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ30 ሲያልፍ ግን ምቱ መለየቱ ይቀርና ድምፁ ይሻክራል። ሉክ አርናልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ የሰው የድንጋጤ ጩኸት ጉልበቱ በሴኮንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ይዋዥቃል፤ የሰላም ንግግር ይህን ቀጠና አይነካውም ማለት ይቻላል። አንጎላችን ውስጥ አደጋን የሚመዝነው አሚግዳላም ለዚህ ሻካራነት ይበልጥ ይነሣሣል።

ሊዱ የሚቆጣው እንግዲህ እዚህ ነው። በ440 ሄርዝ ኖታ ላይ ሌላ ኦሲሌተር በ70 ሄርዝ ድግግሞሹን እንዲነቀንቀው ቢደረግ፣ በግራና በቀኝ 370 እና 510፣ ከዚያም 300 እና 580 ሄርዝ ይወለዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው የ70 ሄርዝ ልዩነትም ከሻካራው ቀጠና ውስጥ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1967 ስታንፎርድ ላይ ያገኘው ጆን ቻውኒንግ ነው፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤክስ7 በተባለው ኪቦርድ ለሕዝብ አደረሰው። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ለቀረጸው ካሴት ከአኮርዲዮኑ ጎን ይዞት የገባው ኪቦርድ ይኸው ነው፤ እሱ ግን ለስላሳውን ጎኑን ነው የመረጠው።

ብዙ ጀማሪ ድምፅ ለማስቆጣት መጀመሪያ የሚያነሣው ዲስቶርሽንን፣ ማለትም ድምፁን ማዛባትን ነው። በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ዲስቶርሽን ከፍ ያለውን ጫፍ ይቆርጣል፣ ዝቅ ያለውን ያነሣል፤ ስለዚህ ከሱ በፊት በድምፁ ጉልበት ላይ የተደረገው መዋዠቅ ተደፍጥጦ ይቀራል። ቀድሞ ማዛባት፣ ቀጥሎ በ70 ሄርዝ ጉልበቱን ማዋዠቅ ይሻላል። የ70 ሄርዙ ኦሲሌተርም ከኖታው ጋር ከፍና ዝቅ እንዳይል ማሰር ነው፤ አብሮ ከወጣ ሻካራነቱ ከቀጠናው ያመልጣል።

ቅኝትም የራሱ ድርሻ አለው። ሙዚቀኞቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የአዝማሪ ድምፅን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አዋሕደው እስከ ውጭ ድረስ አሰምተዋል፤ ለትራንስ ሊድ ከአራቱ ቅኝቶች እኔ የምመርጠው አንቺሆዬን ነው። ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል፤ ሁለት ቦታ ላይ ኖታዎቹ በግማሽ ድምፅ ተጠጋግተዋል። ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ሲጫወት ዶው 523፣ ሬ ፍላቱ 554 ሄርዝ ነው፤ ልዩነታቸው 31። ከፋ እስከ ሶል ፍላት ደግሞ 42 ያህል ይሆናል። ተራ በተራ ሲመቱ ዜማ ናቸው። ዲሌይ ተጨምሮ የቀደመው ኖታ ማሚቶ ከሚቀጥለው ጋር ሲደራረብ ግን፣ ልዩነታቸው ራሱ በሴኮንድ ከ30 ጊዜ በላይ መዋዠቅ ስለሚሆን ያለ ምንም ዲስቶርሽን ይሻክራሉ። የኪቦርዱ ግማሽ ድምፅ አዝማሪው በጣቱ ከሚያገኘው ጋር በትክክል ስለማይገጥም፣ ሬ ፍላቱን በፒች ዊል ትንሽ ወደ ዶ አስጠግቶ ወይም አርቆ በጆሮ መፈለግ ያስፈልጋል።