ሌሊት ደጋግሞ መሽናትና የስኳር ሕመም

ሌሊት ከእንቅልፍ እየነቁ ደጋግሞ ለሽንት መነሳት ብዙዎች በብርድ ወይም በዕድሜ መግፋት የሚያመካኙት ነገር ነው። ሆኖም የስኳር ሕመም ራሱን ከሚገልጥባቸው የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ይኸው ሊሆን እንደሚችል የሕክምና ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

የጤናማ ሰው ኩላሊት ከደም ያጣራውን ስኳር መልሶ ወደ ደም ያስገባል። በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ግን ኩላሊት ሁሉንም መመለስ ስለሚሳነው ትርፉ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ሲወጣም ውኃ ይስባል። ሽንት የሚበዛው፣ አፍ የሚደርቀውና ሕመምተኛው በውድቅት ሌሊት ውኃ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም “ውኃ ስላበዛ ነው የሚሸናው” ማለት ነገሩን መገልበጥ ይሆናል። ጥንታውያን የሕንድ ሐኪሞች ሕመሙን ሽንቱ ጉንዳን በመሳቡ ይለዩት ነበር።

እርግጥ ሌሊት መሽናት ሁሉ የስኳር ሕመም አይደለም። ማታ የተጠጣ ቡና ወይም ቢራ፣ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ፣ እርግዝና፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ያመጡታል። ጥርጣሬው የሚያይለው ጥማት፣ ድካም፣ የዓይን ብዥታ ወይም ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ሲታከልበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የሕፃናት ጉዳይ ነው። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ወራት ያለፉት ልጅ እንደገና ሲጀምር ወላጆች እንደ ስንፍና ወይም ቅብጠት ቆጥረው ይቆጡታል፤ ማታ ውኃ የሚከለክሉትም አሉ። ልጁ ግን ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት እያቆመ፣ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ይዞት ሊሆን ይችላል። ውኃ መከልከል ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳል። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ከታየ ንጋትን መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። ሁኔታው ከሌላ የሆድ ሕመም ወይም ከወባ ጋር ስለሚምታታ፣ ወላጆች የሽንቱንና የጥማቱን ነገር ለሐኪሙ መንገራቸው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የስኳሩ መጠን ወዲያውኑ ይታወቃል። በላቦራቶሪ ደግሞ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይወሰድ በሚደረግ የደም ምርመራ 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የስኳር ሕመምን ያመለክታል። ምልክት ያልታየበት ሰው ምርመራው ይደገምለታል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ለዓመታት ሌሊት እንኳ ሳይቀሰቅስ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከቤተሰቡ ሕመምተኛ ያለበት ወይም ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ ቢመረመር ይመረጣል።